የዛሬው መርፌ

የዚያን እሑድ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ ሞላ፣ የሞላ ታላቅ እህት ዘነቡ እና ያኔ አምስተኛ ክፍል የነበረችው ልጃችን ማኅደር ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ «እኔ እኮ ያኔውኑ አውቄ ነበር» ስላለ ነው። ማንም አላወቀም። ማኅደር ምሳዋን ሳትነካ አንድ ጆግ ውኃ ብቻዋን ጨረሰች። ተነሥታ ሌላ ቀዳች።

«ይቺ ልጅ ግመል ሆነች እንዴ?» አለች ዘነቡ። ሁላችንም ሳቅን።

መርሳ ሞቃት አገር ነው፤ ውኃ የሚጠጣ ልጅ አያስደነግጥም። እየቆየች ግን አልጋዋን ማርጠብ ጀመረች። ቀሚሷ ሰፋት። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ ልጅ ሲያስነጥሰው መቃብር ይታየኛል። ስናገርም «አንቺ ደግሞ ጀመረሽ!» ይሉኛል። አንድ ጠዋት ትንፋሿ የበሰለ ፍሬ ሲበላሽ እንደሚሸተው ሸተተኝ። ማንጎና ብርቱካን ስለምሸጥ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ማንንም ሳልጠይቅ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወልድያ ሆስፒታል አደረስኳት።

«እናት፣ ስኳር ነው» አለኝ ወጣቱ ሐኪም። «ዓይነት አንድ ይባላል። ቆሽቷ ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል።»

«መቼ ይድናል?»

«አይድንም። ግን መርፌዋን በየቀኑ ከወሰደች እንደማንኛውም ልጅ ትኖራለች።»

እኔ የሰማሁት «አይድንም» የሚለውን ብቻ ነው። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነገን መቁጠር ያዝኩ። እኔ ብሞት ማን ይወጋታል? ትምህርት ቤት ብትወድቅስ? ማን ያገባታል? ለካ ድምፄን አውጥቼ ነበር።

«አንቺ የመርሳዋ!» አለች በቀጣዩ አልጋ ልጇን የምታስታምም ሴት። «ልጅቷ ገና ዛሬ ተኝታ አንቺ ሠርጓ ላይ ደረስሽ? ድንኳኑንስ ተከልሽው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «የሰው ልጅ ታሞ ይቀለዳል?» አልኳት።

«እኔስ እዚህ ለሽርሽር መጥቼ ነው?»

ለተብርሃን ትባላለች። ቤተሰቦቿ ከትግራይ የመጡ፣ ወልድያ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። ልጇ ሃብቶም ከማኅደር ጋር አንድ ሕመም ነው ያለበት፤ እሱ ግን ገና በሕፃንነቱ ነው የጀመረው። እግሩ ቆስሎ አልሽር ብሎት ነበር የተኛው። ያንን ምላሷን ጠላሁት። ጠዋት ጠዋት መርፌውን ስትወጋው «አባታችን ሆይ» ትላለች። የዕለት እንጀራ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞር ትላለች።

«የምንለምነው የዛሬን ነው፤ የነገን ለምኚ ያለሽ ማነው? እኔ የዛሬውን መርፌ እወጋለሁ፣ ስለ ዛሬው ተመስገን እላለሁ። የነገውን ነገ።»

አወጋጉን ከሷ ተማርኩ፤ አንድ ቀን ጭን፣ አንድ ቀን ሆድ። ምክሯን ግን አልፈለግሁትም። የዚያን ሰሞን «ስለ ነገ አትጨነቂ፣ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ?» የማይለኝ አልነበረም። አሁንም ልናገር፤ ቤቱ የታመመ ልጅ የሌለው ሰው ያንን ቃል በእናት ላይ እንደ ጅራፍ ማጮህ የለበትም።

ወደ መርሳ ስንመለስ ለእመቤታችን ተሳልኩ። እስከ ፍልሰታ ማርያም ካዳነቻት ጃንጥላ አገባለሁ አልኩ። አላረካኝም። ለገብርኤል ጧፍ፣ ለጊዮርጊስ መጋረጃ ጨመርኩ። ስለቱ ሲበዛ ጭንቀቴ አብሮ በዛ፤ ቀኑ በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ አጣሁ።

ፍልሰታ ገባ። በኛ አገር በዚህ ጾም ልጆችም ይጾማሉ፤ ከጓደኞቿ መለየት ማኅደርን አስለቀሳት። ዘነቡ ስለቴን ሰምታ ኖሮ መጣችብኝ።

«ለእመቤታችን ተስለሽ መርፌ ትወጊያለሽ? ይሄ ማመን ነው መጠራጠር?»

«ከቤቴ ውጪ» አልኳት።

ወጣች። ግን እኔ ገበያ በዋልኩበት ቀን ተመልሳ ማኅደርን ከሲሪንቃ በላይ ወዳለ ጠበል ወሰደቻት። ሞላም ፈቀደ። ማታ ስመለስ ኢንሱሊኑ እንዳስቀመጥኩት አለ። «ጾም ላይ ናት፤ ካልበላች መርፌው ምን ያደርግላታል? ብላኛለች ዘነቡ» አለኝ ሞላ። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። የማውቀው ሐኪሙ «በየቀኑ» ማለቱን ነው። መኪና ያገኘሁት በማግስቱ ነው።

ደረስኩ። ግድግዳ ሥር ተኝታለች። በኃይል ትተነፍሳለች። ጠራኋት። አልመለሰችም። ያ ሽታ አለ።

«መንፈሱ ሊለቃት ነው፣ አትንኪያት» አለች ዘነቡ።

ገፈተርኳት። ወደቀች። ዞሬ አላየኋትም።

የሚያጠምቁት አባት ራሳቸው ሮጠው ባጃጅ አስቆሙልኝ። «ሐኪም ቤት አድርሻት ልጄ። መድኃኒት ጣሉ ያልነው እኛ አይደለንም» አሉ።

«ኬቶአሲዶሲስ ነው፤ ኢንሱሊን በማጣቷ ደሟ ውስጥ አሲድ ተጠራቅሟል» አለ የወልድያው ሐኪም። «ዘግይታችኋል።»

«ትነቃለች?»

«አሁን ምንም ማለት አልችልም። በየሰዓቱ እየለካን እናያለን።»

የምሳለው አልቀረኝም። ነገን ልቆጥር ሞከርኩ። ነገ የለም። የተሰቀለላት ፈሳሽ ጠብ አለ። ተመስገን። ተነፈሰች። ተመስገን። ደግማ ተነፈሰች። አቤቱ ማረን። ይኸው ነው። ከዚያ ውጪ ጸሎት አልነበረኝም። ልቤ ዘነቡ ጋ ሲሄድ፣ ልትሞትብኝ ነው ወደሚለው ሲሄድ፣ እንደ ከብት እየነዳሁ ወደ ጠብታው መለስኩት። ሰላም ተሰማኝ ብዬ አልዋሻችሁም። አልተሰማኝም። ግን አላበድኩም።

ለተብርሃን ወሬውን ሰምታ ከሱቋ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች። «ዛሬ አልቀልድም» አለች። እጄን ይዛ ዋለች።

ማኅደር በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። የመጀመሪያ ቃሏ «ጾሙ ተፈታ?» የሚል ነበር። ለተብርሃን ከእኔ ቀድማ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች፣ ቀጥሎ እኔን ተደግፋ በረንዳው ድረስ ሄደች፣ ቤት ከገባንም በኋላ እጇ መርፌውን እስኪለምድ ድረስ ብርቱካን ላይ እየተለማመደች፣ ዛሬ ራሷን የምትወጋ፣ ስኳሯን የምትለካ፣ እኔ ስደነግጥ «እማ፣ የዛሬው ጥሩ ነው» የምትለኝ ልጅ ሆናለች። መድኃኒቷን ከሙቀት የምጠብቀው እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ገንቦ ነው። ስለ ስለቶቼ የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «እግዚአብሔርን ቀን ቆርጠሽ ቀጠርሽው እንጂ መች ለመንሽው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልተሳልኩም። ጠዋት መርፌው ሲገባ አብረን አባታችን ሆይ እንላለን፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር አላስብም። ሌላው ሰዓት ላይ አሁንም ፈሪ ነኝ።

ዘነቡን አላናግራትም። ሞላ «እህቴ ናት» ይላል፤ ትሁን። የንስሐ አባቴ ባገኙኝ ቁጥር «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ዛሬ አልቻልኩም አባ» እላቸዋለሁ። ነገ እችላለሁ ብዬ ግን አልዋሽም።

ያንን ሐኪም፣ ነርሶቹን፣ ባጃጅ ያስቆሙልኝን አባት እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ውኃ አልጠግብ ካለ፣ ሽንት ካበዛ፣ ከከሳ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አስመርምሩት። ምግብ ባይበላም ሐኪም ሳትጠይቁ ኢንሱሊን አታቋርጡ። ስኳሩ ዝቅ ሲል ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ከረሜላ ከኪሱ አይጥፋ። መድኃኒቱ ሳያልቅ ሄዶ ማምጣትም የነገ ጭንቀት አይደለም፣ የዛሬ ሥራ ነው። ጠበሉንም ጠጡ፤ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣሉም።

ለተብርሃን ሃብቶምን ይዛ ወደ እናቷ አገር ከሄደች ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ሱቋ ውስጥ ሌላ ሰው አለ፤ የት እንዳለች አያውቅም። ረጅም ናት፤ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፤ ልጇ በግራ እግሩ ትንሽ ያነክሳል። ያያችኋት ካላችሁ፣ እሷ ደህና መሆኗን፣ ልጁም መድኃኒት ማግኘቱን ንገሩኝ። መርሳ መናኸሪያው ፊት ለፊት ፍራፍሬ የምትሸጠዋ የማኅደር እናት ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል።