ሽማግሌዎች የተቀመጡበት የምክር ቀጠሮ

አብራኝ የምትማረውን ልጅ ጆሮዋን የነከስኳት አራተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ጥሩ አድርጌ ነው የነከስኳት፤ ደሙ አፌ ውስጥ ሲገባ ብረት ብረት ይል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ለእናቴ ቁርጡን ነገሯት፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሳታየኝ ክፍል አልገባም።

እናቴ ያን ሰሞን እኔን ይዛ ጉርድ ሾላ ወንድሟ ቤት ገብታ ነበር። አባቴ ሰሚት ባለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ፣ ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ፣ ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ከበሩ መቃን ጋር አጋጭቷታል። አዲስ ነገር አልነበረም። ይመታታል፣ ትሄዳለች፣ ሦስት ሽማግሌ ይልካል፣ ትመለሳለች። ሽማግሌዎቹ ሁልጊዜ የሚደርሱት ፊቷን ታጥባ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ካወረደች በኋላ ነው። "ለልጅሽ ስትይ" ይሏታል፣ እኔን እያዩ። እንዴት እንደምጠላቸው!

አባቴ ቦሌ ውስጥ በየቦታው ለሚበቅሉት ፎቆች ብረት ያቀርብ ነበር። ገንዘብ ሞልቶታል፤ ዋጋ መከራከር ግን ነፍሱ ነው። የሚከፍለው እሱ ስለሆነ ሦስታችንም ሩዋንዳ ሰፈር ሄድን፤ ምክር መስጫው አንድ ምግብ ቤት ያለበት ፎቅ ላይ ነበር።

"ለልጅ ለብቻ አለ፤ ሰዓቱ አጭር ስለሆነ ረከስ ይላል" አለች እንግዳ ተቀባይዋ። "ለአዋቂ ለብቻም አለ። ረጅሙ የቤተሰብ ነው።"

"የታመመችው እሷ ናት" አለ አባቴ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። "የልጅቷን ደረሰኝ ቁረጪልን።"

"ባለሙያዋ መጀመሪያ ቤተሰቡን አንድ ላይ ነው የምታየው።"

"እስከ ስንት ሰው?"

"ቤተሰብ ይሁን እንጂ የፈለጉትን ያህል። ዋጋው ያው ነው።"

ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ።

ቅዳሜ ሦስቱን ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። የቤተሰብ ነው ተብሏል፤ የቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ ያለ ሽማግሌ መቼ ታይቶ ያውቃል? እንግዳ ተቀባይዋ ወንበር ፍለጋ ሮጠች። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ገና አፏን ሳትከፍት ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ባልና ሚስት ይቅር እንዲባባሉ፣ እናቴም ዛሬውኑ ቤቷ እንድትገባ ፈረዱ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ልትመለስ ነው አልኩ በልቤ፤ አሁንስ ይገድላታል።

ባለሙያዋ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠይቃ ወደ እኔ ዞረች።

"ልጅቷን ለምን ነከስሻት?"

"ፀጉሬን ያዘችኝ።"

"ፀጉርሽን ስትይዝሽ ምን አሰብሽ?"

"እሱ እማዬን ሲይዛት እንዲህ ነው" አልኩና፣ የራሴን ፀጉር ጠቅልዬ ይዤ ግንባሬን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። አንዴ አልበቃኝም፤ ደገምኩት።

አባቴ ሲነሣ ወንበሩ ተገለበጠ። ቡጢው ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ትልቁ ሽማግሌ እንደዚያ ይፈጥናሉ ብሎ ማን ያስባል? መሃል ገቡ፤ ቀለበቱ ከንፈራቸውን ተረተረው፤ ደሙ ነጩ ጋቢ ላይ ተንጠባጠበ።

"አባባ! ይቅር ይበሉኝ!" አባቴ ጉልበታቸው ሥር ወደቀ። "ለእርስዎ አልነበረም እኮ!"

ሽማግሌው የተነቃነቀ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ነካኩት።

"ለማን ነበር?" አሉት።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ በዚያ ሁሉ የማስታረቅ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ ገለጥ አደረጉት። እብጠቱ ቢጫና ወይን ጠጅ ሆኗል። ብዙ ቆይተው አዩት።

"ወንድምሽ ቤት ሂጂ፣ ልጄ" አሏት። "ከእንግዲህ ሽማግሌ ነኝ ብሎ የሚመጣብሽ ካለ፣ መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣ።"

አባቴ ሊከተለን ሲል ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንዱን ይዘው አስቀሩት። ሲሳደብ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

ደረጃው ጋ ስንደርስ እናቴ ቆመችና ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ተመለሰች። እናቴ ነጠላዋን እንደተገለጠ ትታ፣ የልጅ ለብቻና የአዋቂ ለብቻ ስንት ስንት እንደሆነ ጠየቀቻት።