ጥርሱ ያላለቀው ጎማ

እትዬ ጎሚስታ ሞተር ነድታ አታውቅም፤ ከሁለት እግሯ በቀር የምታምነው መጓጓዣ የለም። ጎማ ግን ታውቃለች። አባቷ የከባድ መኪና ጎሚስታ ነበሩ። ልጃቸው ቢሮ ገብታ ማኅተም ስትመታ ለማየት ቢመኙም፣ እሷ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ደብተሯን ወርውራ ቸርኬ ስታገላብጥ አደገች። አሁን በሃምሳ ሦስት ዓመቷ፣ የሞተር መወዳደሪያው ሜዳ በር ላይ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የነጂዎቹን ጎማ ትፈታለች፣ ታስራለች፣ ትነፋለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጥርስ ሐኪሙ መጣ። በሥራ ቀን ነጭ ጋውን ለብሶ «አፍዎን ይክፈቱ» የሚል ጨዋ ሰው ነው፤ ቅዳሜ የቆዳ ልብሱን ሲያጠልቅ ግን ሌላ ሰው ይወጣዋል። ነፋስ ሊያስለካ ሲቆም እትዬ የኋላውን ጎማ በመዳፏ ዳበሰችው፤ የአውራ ጣቷን ጥፍር ተክላም ጫነችው። ጥፍሯ ምልክት አልተወም።

«ዶክተር፣ ይህ ጎማ አብቅቶለታል።»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ? ጥርሱ እኮ ገና ነው!»

«በጥርስ ነገር ከአንተ ጋር አልከራከርም። ግን በሽተኛ ሲመጣ የፊት ጥርሱን ብቻ አይተህ ትሸኘዋለህ? መንጋጋውንም እይ እንጂ።»

ጎንበስ ብላ አሳየችው። መሃሉ አዲስ ይመስላል፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ ሲተኛ አስፋልቱን የሚነካው ጠርዙ ግን ተልጦ ወደ ሰማያዊ እያደላ ማብለጭለጭ ጀምሯል።

«ስንት ቀን ሜዳ ገባህበት?»

«እኔ እንጃ… አሥር? አሥራ ሁለት?»

«በገባህ ቁጥር ይግላል፣ በወጣህ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ሲግል ሲቀዘቅዝ ልስላሴው አልቆ እንደ ተረከዝ ደርቋል። የደረቀ ጎማ ደግሞ መሬት አይቆነጥጥም።»

«ዛሬን ብቻ ልንዳበት፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እቀይራለሁ።»

እትዬ አንዴ ትናገራለች እንጂ አትለማመጥም። አባቷም እንዲያ ነበሩ፤ ነግረውት ያልሰማ ሰው የራሱ ጉዳይ ነበር። ነፋሱን ለካችና በረዥሙ ተንፍሳ ሸኘችው።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ከኩርባው ሲወጣ ነዳጅ ሰጠው። የኋላ ጎማው እንደ እርጥብ ሳሙና ሸሸ። ሞተሩ ወዲያ፣ ሰውየው ወዲህ! በጀርባው እየተንሸራተተ ሄዶ ሣሩ ውስጥ ቆመ።

የሜዳው ዳኛ ቀይ ባንዲራ እያውለበለበ ሌሎቹን ነጂዎች ሲያስቆም፣ እትዬ መፍቻዋን እንደያዘች በነጠላ ጫማ ሮጠች። ሃያ ዓመት በሩ ላይ ስትሠራ ያንን አስፋልት ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነበር። እየሮጠች ሆዷ «አንቺ ነሽ የሸኘሽው፣ አንቺ ነሽ የሸኘሽው» ይላታል።

ሐኪሙ ሄልሜቱን አውልቆ ተቀምጧል። ምላሱን አፉ ውስጥ እያዞረ ጥርሶቹን ይቆጥራል።

«ሁሉም አሉ» አላት።

ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡባት። ክርኑ ተላልጧል፣ የሞተሩም የፍሬን እጀታ ተሰብሯል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

«ነግረውኝ ነበር እኮ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«መንገር ብቻውን ምን ይፈይዳል? በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጠመኔ ያዘች። ጥፍሯን የማይቀበል ወይም ጠርዙ ያለቀ ጎማ ላይ ትልቅ ነጭ መስመር ታሰምራለች፤ ከተሰመረበት በኋላ ባለቤቱ ቢለምን ቢቆጣ ንቅንቅ አትልም፣ በሩ መሃል ትገተራለች። ጥርስ ሐኪሙ ጎማውን ቀይሮ፣ ሜዳ የገባበትን ቀን ሁሉ የሞተሩ ነዳጅ ታንከር ላይ በለጠፋት ወረቀት መመዝገብ ጀመረ።

የሜዳው ሥራ አስኪያጅ ግን ጮኸባት። «ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው? ለመሆኑ ማን ሾመሽ?»

«ማንም። ከፈለግክ አንተ ሹመኝ፤ ካልሆነም እንዲሁ እቆማለሁ።»

ሁለት ሳምንት አኮረፋት። በሦስተኛው ራሱ ወንበር ተሸክሞ አመጣላት። እስከ ዛሬ ተቀምጣበት ያያት የለም፤ ተራ የሚጠብቁ ነጂዎች ሄልሜታቸውን ይደረድሩበታል።