በቀሚስ የመጣ ለቅሶ

ልጄ በእጇ መስፋት ስትጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ዓይኗን ከስልኳ ላይ የሚያነሣላት ነገር ተገኘ ብዬ ነው። ደስታዬ የቆየው የምትሰፋውን እስክትነግረኝ ድረስ ብቻ ነው።

ከኛ ሰፈር በሜትሮ ባቡር በምትደረሰው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ማኅበር አለን አለችኝ። ማኅበርተኞቹ ፈረንጆች ናቸው፤ አበሻ ከሷ በቀር የለበትም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አውሮፓ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የሚለብሱትን ልብስ ራሳቸው ሰፍተው ይለብሱና፣ አንዳንድ ቅዳሜ መናፈሻ ውስጥ ድንኳን ተክለው ይውላሉ። በእንጨት እሳት ያበስላሉ። ወንዶቹ በእንጨት ሰይፍ ይደባደባሉ። ሲመሽ ሁሉም መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

«ለምን?» አልኳት።

«ለምን ማለት? ሆቢ ነው ማሚ። ፈን ነው።»

«መደባደቡ?»

«እኔ አልደባደብም። እኔ እሰፋለሁ።»

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እኔና እሷ ብቻ። እሷ አርሊንግተን የጥርስ ክሊኒክ ትሠራለች፤ እኔ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ስለ አውሮፓ ታሪክ አልከራከራትም። ግን ቤታችን ውስጥ ደህና የስፌት መኪና አለ። እሱን አትነካውም። ከውጭ የሚታይ ስፌት ሁሉ በእጅ መሆን አለበት፤ ደንባቸው ነው።

«ያን ጊዜ የስፌት መኪና የለም» አለችኝ።

«ያን ጊዜ ሜትሮም የለም። በምን ልትሄጂ ነው?»

ክሯን ሰም ላይ መጎተቷን ቀጠለች። ክሩ እንዳይተበተብ ሰም ይቀቡታል።

ክረምቱን ሙሉ ሳሎናችን የሸማኔ ቤት መስሎ ከረመ። ሶፋው ላይ ሱፍ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሊነን። ሊነን ከተልባ ግንድ የሚሠራ ጨርቅ ነው ብላ ስታስረዳኝ፣ እኛ ተልባን የምናውቀው በጥብጠን ስንጠጣው ነው አልኳት። ምንጣፉ ውስጥ መርፌ እንዳይወጋኝ ብዬ በገዛ ቤቴ ጫማ ማውለቅ ተውኩ። የቀሚሱ ፊት በገመድ የሚታሰር ስለሆነ ደግሞ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ቀዳዳው በመቀስ አይቆረጥም፤ የጨርቁን ክር በወስፌ ገለል ገለል እያደረጉ ይከፍቱትና ዙሪያውን ይሰፉታል። ወስፌዬን ወሰደችው። አንዷን ቀዳዳ ለመጨረስ ግማሽ ፊልም ይፈጅባታል። ቀዳዳው ደግሞ ከደረት እስከ ወገብ ነው።

«አግዢኝ» ስትለኝ የአንዱን እጅጌ ጫፍ ሰፋሁላት። እኔ የምሰፋው እንዳይተረተር ነው። ክሩን ደርቤ፣ በየጣት ርቀቱ እየቋጠርኩ ጨረስኩት። አየችውና መፍታት ጀመረች።

«ምን ሆነ?»

«ተጨማደደ። ክሩ አንድ ብቻ ነው የሚሆነው። ይሄን ሁሉ ቋጠሮም አይፈልግም።»

«ቢተረተርስ?»

«ይተርተራ። መልሼ እሰፋዋለሁ።»

የሚያናድደኝ እንዲህ ያለ ንግግር ነው። እኔ ነገር ከመበላሸቱ በፊት ሳስብ ነው የኖርኩት፤ እሷ ከተበላሸ በኋላ ታስባለች።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፣ ጊዜው ባይከፋ። ታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃን በልብ ሕመም ተኝቶ ነበር። አባታችን ቶሎ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ ይሉኛል። ደውዬ ልጁን ስጠይቀው «ደህና ነው፣ ተሽሎታል» ይለኛል። የኛን ሰው «ደህና ነው» ማን ያምናል? እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። እዚህ አገርም ወጉ አልቀረም። ወሬው መጀመሪያ ለወዳጅ ዘመድ ይነገራል። እነሱ ይጠራሩና፣ ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ፣ በማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። ሽማግሌ ይቀድማል፣ ሴቶች ይከተላሉ። መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው። ስለዚህ እኔ ስልክ አልፈራም፤ የምፈራው የማለዳ በር ነው። በዚያ ሰሞን ዕቃ የሚያደርሰው ሰው እንኳ ቀደም ብሎ ሲያንኳኳ ዕቃውን በር ላይ ጥሎ እስኪሄድ አልከፍትለትም ነበር።

በዚህ ላይ ነው ልጄ ቀሚሱን በጥቁር ሱፍ የሰፋችው።

«ጥቁር አይደለም» ትላለች። «ቻርኮል ነው።»

«ከሰል ምን ዓይነት ነው ታዲያ?»

ጥቁሩ ሳያንስ የራስ መሸፈኛው መጣ። ሁለት ነጭ ጨርቅ ነው። አንዱ ባገጭ ሥር አልፎ አንገትን ይጠመጥማል፣ ሌላው በላዩ ራስ ላይ ይጣላል። የሚቀረው ፊት ብቻ ነው። መስተዋት ፊት ቆማ ስትሞክረው አየኋት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለቅሶ የተቀመጠች ሴት ናት እንጂ ልጄ አልመስል አለችኝ።

«ይሄን ማን ነበር የሚለብሰው?» አልኳት።

«ያገቡ ሴቶች። ባል የሞተባቸውም።»

«አንቺ አላገባሽ፣ ባል አልሞተብሽ።»

«የጸጉር ብሬዴን መሸፈኛ ነው ማሚ። ብሬዴ ከዘመኑ ጋር አይሄድም።»

«አጎትሽ ታሞ ተኝቶ ይሄን እቤቴ ውስጥ አትጠምጥሚ። ሟርት ነው።»

«ጨርቅ እኮ ነው። ጨርቅ ሰው አይገድልም።»

ለቅዳሜው ስብሰባ ልብሱ ማለቅ ነበረበት። እዚያ የቆዩት ሰዎች አዲስ የመጣውን ስፌት እያገላበጡ ያያሉ አለችኝ። ሐሙስ ከሥራ ስገባ ሙሉውን ለብሳ ሳሎን ቆማለች። ፎቶ አንሺኝ አለች። ቶሎ ታውልቀው ብዬ ስልኳን ተቀበልኳት። ሳቂ ስላት እምቢ አለች። የዚያ ዘመን ሰዎች ሥዕል ላይ አይስቁም ብላ፣ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣጥፋ አቀረቀረች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የወንድሜ ፎቶ እንደተሰቀለ ሁለታችንም ልብ አላልንም። ፎቶውን ለማኅበርተኞቿ ብላ ፖስት አደረገችው፤ ያደረገችው ግን የሚያውቃት ሁሉ የሚያይበት ቦታ ላይ ነው። ከሥሩ አንድ ቃል እንኳ አልጻፈችበትም።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ።

በበሩ ቀዳዳ ሳይ ከፊት የቆሙት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምንላቸው አስፐን ሂል የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ በኛ ሰው መካከል መርዶ ሲኖር ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል። ከኋላቸው የአክስቴ ልጅ ከአናንዴል መጥታ፣ በጥቁር ቀሚስ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ትልቅ ድስት ታቅፋ ቆማለች። ከሷ ኋላ ሌሎች ሴቶች ፔርሙዝና እንጀራ ይዘው ደረጃው ላይ ተሰልፈዋል።

በሩን መክፈቴን አላስታውስም። «ወንድሜን» ብዬ መሬት ላይ መቀመጤን ግን አስታውሳለሁ። የአክስቴ ልጅ ድስቱን ጫማ መደርደሪያው ላይ ጥላ በላዬ ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ገቡ፣ አለቀሱ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት በሯን ከፈት አድርጋ አየችንና መልሳ ዘጋችው።

ትንሽ ጋብ ሲል ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ግን አዝነንብሻል። ሰው እንደሌለው በርሽን ዘግተሽ ብቻሽን ታለቅሻለሽ?»

«መቼ አለቀስኩ ጋሼ?»

«ከሐሙስ ጀምሮ ነዋ።»

«ሐሙስ ምን ሰምቼ?»

የአክስቴ ልጅ ከትከሻዬ ላይ ቀና አለች። «አልሰማሽም እንዴ?»

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ የምታረዱኝ?»

«እኛ ከማን ሰምተን? ከናንተ ነው እንጂ።»

ለቅሶው ቆመ። ልጄ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ በቢጃማ ከመኝታ ቤት ወጣች።

«ማን ሞተ?» አለች።

የአክስቴ ልጅ ስልኳን አወጣችና ፎቶውን አሳየችን። ጥቁር የለበሰች፣ አንገቷን የጠመጠመች፣ ያቀረቀረች ልጅ፤ ከራሷ በላይ ወንድሜ። እኔም ሌላ ቤት ሆኜ ባየው ኖሮ ድስት ጥጄ እመጣ ነበር።

«ደውላችሁ ብትጠይቁስ?» አልኳት።

«ሞት በስልክ ይጠየቃል?»

«ይሄ እኮ ኮስቲዩም ነው» አለች ልጄ። «የድሮ ሰው ልብስ። ለጨዋታ የሰፋሁት።»

«የለቅሶ ልብስ ለብሰሽ ነው የምትጫወቺው?» አሉ ጋሼ።

«ጥቁር አይደለም፣ ጋሼ። ቻርኮል ነው።»

አንዷ ሴት ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ተከተሏት። እኔ አልሳቅኩም። ስደነግጥ አይተው መርዶውን ወደ ኋላ መለሱት እንጂ፣ በፎቶ ምክንያት ይሄ ሁሉ ሰው አይመጣም አልኩ በልቤ። የኛ ሰው እንዲህ ማድረግ ይችልበታል። ዛሬ አልቻለችም፣ ነገ እንነግራታለን ይባባላል።

«ይማሉልኝ» አልኳቸው ጋሼን።

«በምን ልማልልሽ? እኔ ስለ ወንድምሽ የማውቀው ነገር የለም።»

«እንግዲያው ይደወልለት። ድምፁን ልስማ።»

ልጄ ደወለች። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። የወንድሜ ልጅ አነሣ።

«ተኝቷል» አለ።

የሞተ ሰው ቤት ሲደወልም መጀመሪያ የሚሉት ይኸንኑ ነው።

«ቀስቅሰው» አልኩት።

«አክስቴ፣ ሐኪሙ ይረፍ ብሎ...»

«ቀስቅሰው አልኩህ።»

ስልኩን አስቀምጦ ሲሄድ ተሰማን። የአክስቴ ልጅ እጄን ይዛኛለች። ልጄ ብሩሹን ከአፏ አውጥታ በጡጫዋ ጨብጣ ትመለከተኛለች። ያን ጊዜ እሷም ፈርታ ነበር፤ ጨርቅ ሰው አይገድልም ያለችው ትዝ እንዳላት ከፊቷ አየሁ።

ከዚያ ሳል ተሰማ። ከሳሉ ኋላ ድምፁ መጣ።

«ማነው በእንቅልፌ የሚመጣብኝ?»

«እኔ ነኝ፣ ወንድምዓለም። እንዴት ነህ?»

«እስክትቀሰቅሱኝ ድረስ ደህና ነበርኩ። ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ናፍቀኸኝ ነው።»

«ከኋላሽ ሰው ይንጫጫል። ማን ሞተ?»

ለልብ ሕመምተኛ፣ ላንተ ነው ያለቀስነው ብሎ የሚነግር ማን ነው? ጋሼ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁብኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኩት። «ልጅቷ ቀሚስ ሰፍታ ሊያዩላት መጥተው ነው።»

«በማለዳ?»

«አዎ።»

«ሥራ ፈት ሁላ» አለና ስልኩን ለልጁ መለሰለት።

የቀረው ድስቱ ነበር። ውስጡ ንፍሮ ነው፤ ለለቅሶ የተቀቀለ ስንዴና ሽንብራ። የአክስቴ ልጅ መልሼ ቤቴ አላስገባውም አለች። እኔም ወንድሜ በሕይወት እያለ በስሙ የተቀቀለ ንፍሮ እኔ ቤት አያድርም አልኩ። እህል መድፋት ደግሞ ኃጢአት ነው። ጋሼ «ስንዴ ስንዴ ነው» ብለው እፍኝ ሊያነሡ ሲሉ የአክስቴ ልጅ ክዳኑን ጫነችባቸው። በዚህ ስንነታረክ ልጄ ለብሳ ወጣች፣ ከነጥምጥሙ። ሰዓቱ ረፍዶባት ነበር። እንድታወልቀው ልናገር አፌን ስከፍት ድስቱን ገልጣ አየች።

«ኦ ማይ ጋድ። ይሄ እኮ እነሱ የሚበሉት ነው። የዚያን ጊዜ ገበሬዎች ስንዴና አተር ቀቅለው ነበር የሚበሉት። እኔ ልውሰደው?»

ሐዘንተኛው ሁሉ ተያየ። ሟርት የማያውቀውን ሰው አይዝም አሉ ጋሼ፤ ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ወደ ቤቷ ስትመለስ አሌክሳንድሪያ ልታደርሳት ተስማማች። እኔም አብሬ ገባሁ። ያን ሰፊ እጅጌ ይዛ እሳት አጠገብ ትውላለች እያልኩ እቤት መቀመጥ አልቻልኩም።

መናፈሻው ስንደርስ ከሴቶቹ ግማሾቹ እንደ ልጄ ተጠምጥመዋል። የአክስቴ ልጅ ድስቱን እንደያዘች ቆመች።

«ይሄ ሁሉ ሰው ሐዘን ላይ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

አንዲት ወፍራም ሱፍ የለበሰች ሴትዮ ወደኛ መጣች። ልጄን አልፋ የአክስቴን ልጅ ከላይ እስከ ታች አየቻት። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛ አገላበጠችው።

«አለባበስሽን ወዳው ነው» አለች ልጄ። «ማን ሠራልሽ ትላለች።»

«ለቅሶ የምደርስበት ነው በያት።»

«አልልም።»

ልጄ ንፍሮውን በእንጨት ሳህን አደለቻቸው። እየበሉ የልጄን ቀሚስ ያያሉ፤ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ይነካካሉ፣ እጅጌውን ገልብጠው ውስጡን ያያሉ። እሷ የሚሏትን ለመስማት ትንፋሿን ይዛለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ከእሳቱ ወደዚህ በይ እላታለሁ፤ አትሰማኝም። ከመካከላቸው ጺሙ የሸበተው ሽማግሌ ስፌቱን መርምሮ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀላትና ባዶ ሳህኑን እያሳየ አንድ ነገር ጠየቃት። ወደኔ ዞረች።

«መቼ ነው የሚበላው ይላል፣ ማሚ። ምን ልበለው?»

አሰብኩበት።

«የታመመ ዘመድ ሲሻለው በይው» አልኳት።

«ውሸታም» አለች የአክስቴ ልጅ። ትንሽ ቆይታ ግን ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታችና ሳህን አነሣች። «እንዲያ ከሆነ ለኔም ጨምሪልኝ። ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም።»