ሁለት ሆነው ብቻ የሚያልፉበት በር

ፓድማጃ የሙልን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ስድስት ዓመት ሙሉ የክሪኬት ጨዋታዋን በመዝገብ ጽፌያለሁ። በየትኛው ቀን ስንት ነጥብ እንዳገባች፣ የትኛዋ ኳስ ወርዋሪ እንደምታስቸግራት ብትጠይቁኝ ደብተር ሳልገልጥ እነግራችኋለሁ። ቤቷ ግን የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከደጃፍ አላለፍኩም። ስለዚህ የምጽፈው ከሜዳው ዳር፣ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ያየሁትን ያህል ነው። ከእኔ የበለጠ የሚያውቋት ሰዎች ይታዘቡኝ ይሆናል።

ሥራዬ ፎጣ ማጠፍ ነው። እዚህ ሶላፑር ከተማ ግማሹ ሰው ይሸምናል፣ ግማሹ የተሸመነውን ያጥፋል፤ እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። እሁድ እሁድ ግን የወረዳችን ሴቶች የክሪኬት ቡድን ነጥብ መዝጋቢ ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ ወንድሜ ነበር። እሱ ሲሞት ወንበሩ ለእኔ ቀረ፤ ሌላ የፈለገውም ሰው አልነበረም።

ፓድማጃ የሙል የሚባለው ቤተሰብ ዘንድ በምራትነት ስትገባ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያኔም ለወረዳው ትጫወት ነበር። ምድር ቤታቸው ውስጥ ስድስት የሽመና ማሽኖች አሉ፤ ቤተሰቡ ከማሽኖቹ በላይ ፎቁ ላይ ይኖራል። ፓድማጃ ልምምድ የምትመጣው ጠዋት አራት ሰዓት ሙሉ ማሽን ላይ ቆማ ነው። የጥጥ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ተቀምጦ ስለሚቀር የቡድናችን ልጆች «አምበላችን ሸበተች» ይሏታል። ባሏ ሳይሉ ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ እናቱ መናገር ሲጀምሩ እሱ የማሽን ዘይት ሊያመጣ ይነሳል።

እናቱን ወይዘሮ የንካማንም ክፉ ናቸው አልልም። በሠፈራችን ምራታቸው ኳስ እንድትጫወት የፈቀዱ ሌላ አማት አላውቅም። የፈቀዱት ግን እንዲህ ብለው ነው።

«ሂጂ፣ አልከለክልሽም። ግን ሄምላታን ይዘሽ። አብራችሁ ወጥታችሁ አብራችሁ ትገባላችሁ።»

ሄምላታ የሳይሉ ታናሽ እህት ናት። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

«እሷ እኮ ኳስ ነክታ አታውቅም፣ እማ» አለች ፓድማጃ።

«አስተምሪያታ! ደግሞ ልጄ ለሰው ውሃ ልታመላልስ አትሄድም። ከሄደች ትጫወታለች። ስሟ ከአሥራ አንዱ ውስጥ ከሌለ አንቺም እዚሁ ማሽንሽ ላይ ነሽ።»

ይህን የነገረችኝ ራሷ ሄምላታ ናት፣ የእናቷን ድምፅ እያስመሰለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ፓድማጃ ልጅቷን አራት ወር ሙሉ ቤታቸው ጣሪያ ላይ፣ ሊደርቅ በተሰጣ ድርና ማግ መሀል አስተማረቻት። መምታት አልሆነላትም። መወርወርም አልሆነላትም። በዚያ ሰሞን ከመቺዋ ኋላ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች ጀርባ ቆማ ያመለጠ ኳስ የምትይዘው ልጃችን አግብታ ሃይደራባድ ሄደች፤ ጓንቱ ባለቤት አጣ። ሄምላታ ለበሰችው። ቡድኑ ያን ጊዜ ደካማ ስለነበር ማንም ነገሬ አላለም። ሁለት ሆነው ይመጡ ነበር፣ ሁለት ሆነው ይሄዱ ነበር። ወይዘሮ የንካማ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ስሟ አለ?»

ችግሩ የመጣው ፓድማጃ አምበል ስትሆን ነው። በፊት የሚመርጡት ሌሎች ነበሩ፤ አሁን ግን እሷም ትጠየቃለች። ሜዳው ላይ ደግሞ የሄምላታን ጉድለት መሸፈን የእሷ ሥራ ሆነ። ከሄምላታ ኋላ፣ ከሜዳው ወሰን ገመድ አጠገብ፣ ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ታቆማለች። ደህና ቡድን እዚያ ቦታ ሰው አያቆምም። አሥራ አንድ ሆነን ገብተን በአሥር ሰው እንጫወት ነበር ማለት ነው። ሻይ ሻጩ አንባያ በየእሁዱ ከማንቆርቆሪያው ጀርባ ይጮኻል።

«ፓድማጃ! ለዘበኛዋ ሌላ ዘበኛ ቀጠርሽላት እንዴ?»

«አንተ ስኳርህን ጠብቅ!» ትለዋለች ሳትዞር።

ባለፈው ዓመት ኡጅዋላ ከባርሺ መጣች። አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጣ ነው የምትመጣው፤ ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። እጇ ግን ሌላ ነው። ኳሱ ገና ሳይነሳ እሷ እዚያ ደርሳለች። በሁለት የልምምድ ጨዋታ ጓንቱን ሰጥተዋት ሁላችንም አየን። ከዚያ በኋላ ግን ተጠባባቂ ሆና ቀረች።

«ሳሮጃ አካ፣ ዛሬስ የት ጻፍሽኝ?» ትለኛለች፤ አካ የሚሉኝ እንደ ታላቅ እህት አድርገው ነው።

«ከተጠባባቂዎች።»

«እንግዲያው አሳምረሽ ጻፊው። ሌላ ቦታ አይጻፍ እንደሆነ!»

ይህን ስትል ፓድማጃ ሰምታ ጫማዋን ስታስር አየኋት። ታስሮ የነበረ ጫማ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት መናገር አለብኝ። አንድ እሁድ በምሳ ሰዓት ሄምላታ ወንበሬ አጠገብ ቁጭ ብላ የማሽላ ቂጣዋን ከኦቾሎኒ ቅመም ጋር በግራ እጇ ስትበላ አየሁ። እኛ ደግሞ በግራ እጅ አንበላም። ቀኝ እጇን ስጠይቃት ፕላስተሩን ፈትታ አሳየችኝ። የቀለበት ጣቷ እንደ መንጠቆ ጎብጧል።

«ሐኪም አይቶታል?» አልኳት።

«ቫዲና አይታዋለች። በየጨዋታው የምትጠቀልልልኝ እሷ ናት።» የወንድሟን ሚስት የምትጠራት እንዲህ ነው። «አካ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ኳስ ሲመጣብኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስድስት ዓመቴ፣ አሁንም እጨፍናለሁ!» ብላ ሳቀች።

«ታዲያ ለምን አትተዪውም?»

ሳቋ ቆመ። «ትቼ እሷን የት ላድርሳት? እኔ ቤት ከቀረሁ እሷም ቀረች። ስፌት ልማር ብዬ ነበር፤ የስፌቱ ትምህርት እሁድ ነው። በይ እንዳትነግሪያት። ካወቀች አንድ ቀን አትቆይም፣ ትተወዋለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡ ላይ እጄ ተጣመመ። መዝገባችን ውስጥ ሁለት ዓምዶች አሉ። አንዱ ኳሱ ምንም ሳይነካ በያዧ በኩል አምልጦ የተገኘ ነጥብ የሚጻፍበት ነው፤ ይህ በጓንት ለባሿ ይቆጠራል። ሌላው የመቺዋን እግር ነክቶ ያለፈ ነው፤ እሱ በማንም አይቆጠርም። ዳኛው የመጀመሪያው ነው ለማለት እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ እኔ ሁለተኛው ዓምድ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ሁሉንም አይደለም። ግማሹን። ያቺን ጣት ካየሁ በኋላ ሁሉንም በእሷ ላይ መጻፍ አልቻልኩም። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሚያዝያ የናሲክ ከተማ ውድድር ደረሰ። አሥራ ሁለት ሰው ነው የጠሩት፣ አሥራ አንድና አንድ ተጠባባቂ። የክልሉ መራጮችም ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረ። ፓድማጃ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እነዚያ ሰዎች አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም፤ ዘንድሮ ካላዩዋት በኋላም አያዩዋትም።

ስብሰባው ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ባለችው ክፍል ነበር። መራጮቹ ሁለት ናቸው፣ ሰብሳቢው ጋዳም ሰርና በወጣትነታቸው ራሳቸው ይጫወቱ የነበሩት ሺንዴ ማዳም። እኔ ስም ጻፊ ነኝ። አሥሩ ስም በሩብ ሰዓት አለቀ። ጓንቱ ላይ ሲደርሱ ማዳም ቀጥ አሉ።

«ኡጅዋላ። ይህ ክርክር እንኳ አያስፈልገውም።»

ልቤ በአንድ ጊዜ ቀለለኝም ከበደኝም። እነሱ ከወሰኑ ፓድማጃ ቤት ትቀራለች። ግን ቢያንስ የቆረጠችው እሷ አትሆንም።

«እስቲ መዝገቡ ምን ይላል» አሉ ጋዳም ሰር፤ ደብተሬን ወደ ራሳቸው ሳቡት። በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ። «ሄምላታ በስድስት ጨዋታ አሥራ አምስት ያመለጠ ነጥብ። ኡጅዋላ በሁለት ጨዋታ አምስት። ለአንድ ጨዋታ ሁለት ተኩል፣ ሁለት ተኩል። እኩል ናቸው እኮ!»

«ጋዳም ሰር፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማምነው።»

«የእርስዎ ዓይን ፊርማ የለበትም፣ ማዳም። መዝገቡ ግን አለበት።»

ፊርማው የእኔ ነው። የሄምላታ ትክክለኛ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነበር። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። እስክርቢቶውን ከፈትኩ፣ ከደንኩ፣ ከፈትኩ።

«አምበሏ ትወስን እንግዲህ» አሉ ጋዳም ሰር። «ጓንት የሚለብሰው ሰው ድሮም የአምበል ጉዳይ ነው።»

ፓድማጃ ውጭ ደረጃው ላይ ከሄምላታ ጋር ተቀምጣ ነበር። ጠራኋት። ቆማ ሰማቻቸው።

«እናንተ ብትወስኑልኝ አይሻልም?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ... እናንተ የወሰናችሁትን እቀበላለሁ።»

«ሁለታችን አልተስማማንም። መዝገቡም እኩል ነው ይላል።»

«እኩል?»

ዞራ አየችኝ። እያንዳንዱ ኳስ ሲያልፍ ሜዳው ላይ ቆማ ነበር፤ ስንት እንዳለፈ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። አንድ ቃል ብቻ ብትናገር እኔ ከዚያ ወንበር እነሳ ነበር፣ ጉዳዩም ከእጇ ይወጣ ነበር። በተከፈተው በር በኩል የሄምላታ ጀርባ ይታያል፤ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ልጣጩን በነጠላ ጫፏ ትሰበስባለች።

«አካ፣ እስክርቢቶሽን» አለች ፓድማጃ።

በመጨረሻ በቀረው ክፍት ቦታ የሄምላታን ስም ጻፈች። ከታች በተጠባባቂው ቦታ ኡጅዋላን። ማዳም ቦርሳቸውን አንስተው ሳይሰናበቱ ወጡ።

ናሲክ ላይ ፓድማጃ በመጀመሪያው ጨዋታ ሰባ አንድ ነጥብ መታች። እንደዚያ ስትመታ አይቼ አላውቅም። በሁለተኛው ቀን ግን ሌሎቹ ሲመቱ እኛ ኳስ ለመያዝ ሜዳ ላይ ነበርን፣ ከሄምላታ ኋላም እንደ ልማዳችን አንዲት ልጅ ቆማለች። ከክልሉ መራጮች አንዱ፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው፣ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«ያቺ አምበላችሁ ናት ሰባ አንዱን የመታችው?»

«አዎ፣ ሰር።»

«ታዲያ እዚያ ኋላ ሰው የምታቆመው ለምንድን ነው? መቺ ነች፤ ጨዋታ ግን አታነብም ማለት ነው?»

እዚያም መናገር እችል ነበር። ምን ብዬ? ስለ አንድ ቤት በር፣ ስለ አንዲት አማት፣ ስለ አንዲት ጣት ለማያውቁት ሰው? «አላውቅም፣ ሰር» አልኩ። እሳቸው ኪሳቸው ውስጥ ካለች ትንሽ ደብተር ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። በማግስቱ ለክልሉ የተመረጡት ስም ሲነበብ የእሷ ስም አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ቆመ። ሄምላታና ኡጅዋላ እየተሳሳቁ ውሃ ሊቀዱ ወረዱ። ፓድማጃ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሄምላታን ጓንት ከቦርሳው አውጥታ በፀሐዩ በኩል ታሰጣለች። እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«መዝገቡን...» አልኩ። «መዝገቡን እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺስ?»

ጓንቱን ገለበጠችው፤ የቀለበት ጣቱ ቦታ ከውስጥ በጨርቅ ተሞልቶ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። የእሷ ስፌት ነው። በመስኮቱ አየሁ፤ ሄምላታ ቧንቧው ዘንድ ወረፋ ይዛ የተጎዳ እጇን ብብቷ ሥር ከትታለች።

«ፓድማጃ» አልኳት፣ «ሄምላታ ጨዋታውን የምትወደው ይመስልሻል?»

እጇ ጓንቱ ላይ ቆመ። ባቡሩ ጮኸ፤ ሁለቱ ልጆች ጠርሙሳቸውን አቅፈው ሮጡ። እስኪሳፈሩ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻቸው።

«ይህን አትጠይቂኝ፣ አካ» አለች፤ ለሄምላታ ቦታ ልትለቅ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።