ክዳኑ ከተማ፣ ሆዱ ገጠር የቀረው የቻይና ሙዳይ

ጠዋት፣ ወልድያ

ከቤቴ የወጣሁት አንድ ሙዳይ ለማምጣት ነው። ሙዳይ ስል የስፌቱ እንዳይመስላችሁ። እንደ ስኒ ከነጭ ሸክላ የተሠራ፣ ሰማያዊና ቀይ ሥዕል ያለበት የጥንት የቻይና ዕቃ ነው። የሚስቴ አያት ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡት ነው ይባላል። ሚስቴ ጦርነቱን ሸሽተን ደሴ ሳለን ሞተች፤ የመጨረሻ ቃሏ "ሙዳዩ የሰዓዳ ነው" የሚል ነበር። ሰዓዳ ልጃችን ናት። አሁን ልትዳር ስትል "የእናቴ ሙዳይ ካልመጣ ከዚህ ቤት አልወጣም" ብላ እግሯን ተክላለች።

ዕቃው ዋጋ እንዳለው ያወቅሁት ከጦርነቱ በፊት ቻይናዎች የሚሠሩት የባቡር ሐዲድ ካምፕ ዘበኛ ሳለሁ ነው። አንድ ቀን ለአንድ ቻይና ባሳየው ዐይኑ እዚያው ቀረ። በሰባራ አማርኛው ሥዕሉን ፈታልኝ፤ ሆዱ ላይ የተሣለው ኮክ ረጅም ዕድሜ ነው፣ ክዳኑ ላይ ያሉት ቀያይ የሌሊት ወፎች ደግሞ በረከት ናቸው አለኝ። የሌሊት ወፍ በረከት! እኛ አገር የሌሊት ወፍ ግብር የምትሸሽ አታላይ ናት። ወፎች ግብር ሲጠይቋት አይጥ ነኝ፣ አይጦች ሲጠይቋት ወፍ ነኝ ትላለች። ቻይናው ሽጥልኝ ቢል እንቢ አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ የገባውን ሰው ሁሉ እጁን እጁን ማየት ጀመርሁ።

ስንሸሽም ሙዳዩን ለአንድ ሰው ብቻ አደራ አልሰጠሁም። ሙሉ ዕቃ ይሸጣል፤ ግማሽ ዕቃ ማን ይገዛል? ክዳኑን መርሳ ላይ ጎማ ለሚጠግነው ለደምሴ፣ ሆዱን ደግሞ ከመርሳ ወጣ ብለው ለሚኖሩት ገበሬ ለሐጂ ይማም ሰጠሁ። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ስለነበሩ ከሁለቱም ወገን ወዳጅ አላጣም። ለሁለቱም ያልሁት አንድ ነው፦ "ካንተ በቀር የማምነው የለም።" ለሐጂ "ከእርስዎ" ከማለቴ በስተቀር።

መንገድ

የሚኒባሱ ሒሳብ እጥፍ ሆኗል። ረዳቱን ብጠይቀው "ነዳጁ ጥቁር ገበያ ነው፣ ጋሼ" አለኝ።

"አንተም ጥቁር ገበያ ነህ" ብዬ ከፈልሁ።

ተሳፋሪው አያወራም። አንገቱን ደፍቶ የሰው ጫማ ያያል፤ የወታደር ጫማ ያደረገ ማን ነው እያለ። እኔም አያለሁ። ኬላው ላይ ወርደን መታወቂያ አሳየን። ሲሪንቃን ስናልፍ ከተቃጠለ ታንክ አፈሙዝ ላይ የሕፃን ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። አጠገቡ አንዲት ሴትዮ ማንጎ ትሸጣለች። ሾፌሩ ቆሞ ገዛ፤ እየመረጠ፣ እየጨመቀ።

መርሳ

ደምሴ ጎማ ሲጠግን ደረስሁ።

"ወይ አንተ! አፈሩ ገና አልቀበል አለህ?" ብሎ ሣቀ። ሁለት ጊዜ ሳልጠይቀው ገብቶ ክዳኑን አመጣ። በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ጠቅልሎታል። ፈትቼ አገላበጥሁት። የሌሊት ወፎቹም አሉ፣ ጠርዙም አልተሸረፈም።

"ምን ታሸተዋለህ? ሥጋ ነው?"

"ቤትህ ተዘርፏል ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

"ማንኪያ አልቀረልኝም።"

"ታዲያ ይኼ እንዴት ቀረ?"

"ቀረ አይደል? ምን አስጨነቀህ?" አለና ወደ ጎማው ዞረ። "ለመሆኑ፣ ክዳን ብቻውን ምን ይከድናል?"

የጠየቀበት አኳኋን አልጣመኝም።

ከሰዓት፣ ሐጂ ይማም ቤት

በጊራና መንገድ ባጃጅ ይዤ የቀረውን በእግሬ ሄድሁ። ማሽላው አሽቷል። ከአንዳንዱ ማሳ ዳር ግን ምሽግ ገና አልተደፈነም።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። እንደምን ከረሙ?"

"ወአለይኩም ሰላም። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳችን አለች። ግባ፣ ብላ።"

የማሽላ እንጀራና እርጎ ቀረበ። ባለቤታቸው ዘይነባ እያየችኝ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሣቅ እንደያዘው ሰው። ሸጠውታል አልሁ በልቤ።

ሐጂ ግን ከጓዳ ይዘውት ወጡ። ሳየው ደሜ ፈላ። የተጠቀለለው ልክ እንደ ክዳኑ በጎማ ላስቲክ ነው። ሐጂ መኪና የላቸው፣ ብስክሌት የላቸው!

"ይህን ላስቲክ ከየት አገኙት?"

ሐጂ ላስቲኩን አዩና ተነፈሱ። "አጋለጠን በለኛ! ደምሴ ነው የጠቀለለው።"

"ደምሴን የት ያውቁታል?"

"እዚሁ ቤት ነዋ! መርሳ ስትያዝ ወደ ገጠር ሸሽቶ ከነሚስቱ እኛ ዘንድ ከረመ። ከንብረቱ ሁሉ መርጦ ይዞ የመጣው ያችን ክዳን ነው። ምንድን ነው ብንለው አደራ ነው አለ። ዘይነባ ተነሥታ ሆዱን አመጣች። ቢገጥሙት ልክክ!"

ሆዱን አገላብጬ ጠርዙን አየሁ።

"'ካንተ በቀር የማምነው የለም ብሎኛል' አለኝ ደምሴ። 'እኔንም' አልሁት። ተኩሱን እስክንረሳ ሣቅን።"

"ከዚያስ ምን አደረጋችሁበት?"

"የሚስቱን ጉትቻና የአንገት መስቀል፣ የዘይነባን አምባር ከተን፣ ከድነን፣ የማሽላ ማስቀመጫው ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው። ታጣቂዎቹ ቤቱን ገለበጡት፤ አላገኙትም።"

"ከገጠመ ወዲያ ለምን ለያችሁት ታዲያ?"

"አደራ እንደተሰጠ ነው የሚመለሰው። ለይተህ ሰጠኸን፤ ለይተን ጠበቅንህ።"

ዘይነባ ሣቋ አመለጣት። "ክዳኑ ላይ ያለችው የሌሊት ወፍ አንተን አንተን ትመስለኝ ነበር! ለወፉ አይጥ፣ ለአይጡ ወፍ!"

እርጎውን አስቀምጬ ተነሣሁ። ሐጂ እስከ በሩ ሸኙኝ።

"ለሰርጉ ጥራን። ደግሞ እኔን ቅዳሜ፣ ደምሴን እሑድ እንዳታደርገን።"

መመለስ

ሚኒባሱ መርሳን ሲያልፍ ደምሴ ከጎማው ቀና ብሎ "ገጠመ?" ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል አቅፌ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ሲሪንቃ እስክንደርስ ግን ጠርዙን በጣቴ መዳበሴን አልተውሁም፤ ልማድ ነው።

ሰዓዳ ሙዳዩን ገጥማ፣ ከፍታ፣ አሸተተችው። "የእናቴ ሽታ የለውም" አለች። "ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል።" ከታች አንድ የማሽላ ፍሬ ተጣብቆ ነበር። ልጠርገው ስል እጄን ያዘችኝ።

ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የተማርሁትን ቶሎ አላምንም። ከዚህ ጉዞ ግን ይህን ይዣለሁ፦ እኔ ስለያያቸው እነሱ ተገናኝተዋል፤ ሙዳዩን ያተረፈው የእኔ ብልጠት አይደለም። ቻይናው ስለ ወፎቹ የተናገረው ዕውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ግን እሱም ሊገዛ ፈልጎ ነው የተናገረው።

ሐጂንና ደምሴን በአንድ ቀን ጠርቻለሁ። ለሥጋው ግን ከብቱ ለየብቻ ይታረዳል። እሱን የለየሁት እኔ አይደለሁም።