ኦርጋኑ ውስጥ ያለው ከበሮ መቺ

በደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጌታነህ የሚባል ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳውን በባና ብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ቤቱ ውስጥ ዘፈን በካሴት ይቀዳ ነበር። ከበሮ መቺው እኔ ነኝ። እኔ ስመታ ማዶ ጣርማ በር ተራራ ላይ የተኛ በግ ተነስቶ እስክስታ ይወርዳል። ቀረጻው ሲያልቅ የጌታነህ እናት እትዬ ዘነበች ዶሮ ወጥ በእጃቸው ያጎርሱኛል፤ ደመወዜ እሱ ነበር።

አንድ ቀን ጌታነህ ከአዲስ አበባ ኦርጋን ይዞ መጣ። አንዷን ቁልፍ ቢጫናት ከውስጡ ከበሮ ያለ ሰው ይደልቅ ጀመር።

«በቃ፣ አንተ ከእንግዲህ እረፍ» አለኝ።

«ይኼ ሣጥን ትከሻ አለው? ያልበዋል?»

«አይሳሳትም፣ አይሰክርም፣ አይለፈልፍም።»

ሦስቱም እኔኑ የሚነኩ ስለሆኑ ከበሮዬን አስቀምጬ ጥጌን ያዝኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ዘነበች የሕፃን ራስ የሚያክል ጉርሻ ጠቅልለው መጡ። አፌን ከፈትኩ። አልፈውኝ ሄዱ።

«እማዬ፣ ለማን ነው?» አለ ጌታነህ።

«ለከበሮ መቺው ነዋ! ከቤቴ ሠርቶ ሳይጎርስ የሚወጣ የለም!»

ይህን ብለው ጉርሻውን ከነመረቁ የኦርጋኑ ድምፅ ማውጫ ቀዳዳዎች ላይ ጠቀጠቁት። ኦርጋኑ እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ሳለና ጸጥ አለ። ጌታነህ ቁልፎቹን ሁሉ ቢደበድብ ትንፍሽ የለም።

እትዬ ዘነበች እጃቸውን እየጠራረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼማ በአንድ ጉርሻ ጠግቦ ተኛ። ና አንተ፣ ከበሮህን አንሳ!»