ሞቷል ያልኩት እባብ

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ምግብ ሰንሰለት ስንማር አንዳችሁ «ቲቸር፣ አንተ አድነህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ዳስተር አንስቼ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ግን የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ዛሬ ልመልስላችሁ። አንድ ጊዜ አድኛለሁ፤ እዚሁ ጆበርግ፣ አሌክሳንድራ ውስጥ።

ኮሮና የገባበት ዓመት ነው። የዚህ አገር ሙቀት ሊወጣ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ የመጨረሻው ዝናብ ማታ ማታ ይጥላል፤ ጠዋት ደግሞ ፀሐዩ ይከራል። ሎክዳውን ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገዱን ወታደር ይጠብቀዋል። እኔም ሜይፌር ሰፈር የነበረችኝን ክፍል ለቅቄ ላምቤቦ ዘንድ ተጠግቼ ነበር። ላምቤቦ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ አገር ቤት ጎረቤታሞች ነበርን፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ሁላችንም ጎጎ፣ ማለትም አያቴ፣ እያልን የምንጠራት አሮጊት ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች፣ እዚህ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ አለችው። ያቺ ሱቅ የጎጎን ኪራይ፣ የላምቤቦን እናት የስኳር መድኃኒት፣ የእኔንም እራት ትችል ነበር።

አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ የመጣች ሴት ከለስላሳ ሳጥኖቹ ሥር ጥቁር ነገር ሲሳብ አየች። «ኢንዮካ» ብላ ወጣች፤ በዙሉ እባብ ማለት ነው። እስከ ቀትር ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ደንበኞቻችን ከማዶ ቆመው ሰላም ይሉንና ወደ ሌላ ሱቅ ያልፋሉ። ኮሮና ያላባረራቸውን ሰዎች እባብ አባረራቸው። ዳቦው ሻገተ፤ ላምቤቦም ለእናቱ የሚልከውን እያሰበ ዝም አለ።

እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም። የብስኩት ካርቶን ቀድጄ ሥዕል ሣልኩለት። ደጃፋችን ላይ የሚበራው አምፖል የእሳት እራቶችን ይጠራል፤ እንቁራሪት እነሱን ፍለጋ ይመጣል። ከጆንያው የሚፈሰው የበቆሎ ዱቄት ደግሞ አይጥ ያረባል። እባቡ የመጣው ለሁለቱም ነው። ቀስቱን ሁልጊዜ ከተበላው ወደ በላተኛው አድርጉ እንደምላችሁ ለእሱም እንዲሁ አልኩት። የፀሐይ ጉልበት በቆሎው ውስጥ ገባ፤ ከበቆሎው ወደ አይጡ፣ ከአይጡ ወደ እባቡ ሄደ። በየመተላለፊያው አብዛኛው በሙቀትና በእንቅስቃሴ ያልቃል፤ ወደሚቀጥለው የሚሻገረው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ አይጥ ብዙ፣ እባብ ጥቂት ይሆናል። አንድ እባብ ማለት የስንት ጆንያ በቆሎ ጭማቂ እንደሆነ አስብ፣ አልኩት። መድኃኒቱንም ነገርኩት፤ ዱቄቱን ጠርገን፣ አምፖሉን አጥፍተን፣ ቀዳዳውን ብንደፍን ምግቡን ሲያጣ ራሱ ይሄዳል።

ላምቤቦ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«እሺ ቲቸር። ቀስቱ ወደ እኔ ሲዞርስ?» አለኝ። ቀጠለና «አንተ እባብ የምትገድለው በዳስተር ነው» አለ።

እየሳቀ ነው የተናገረው። እኔ ግን ቃሏን ዋጥኳት፤ እሷም አልፈጭ አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት አዳኝ ሆኜ ተነሣሁ።

መሣሪያዬ ከጎጎ አሮጌ አልጋ የተነቀለ ብረት ነበር፤ ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጬ እንደ መንሽ ከፈልኩት። ጫማው የጎጎ ሟች ባል የዝናብ ቦቲ ነው፤ ስለሰፋኝ ካልሲ ጠቀጠቅኩበት። ፊትን የሚከልል የፕላስቲክ መከለያ ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ላምቤቦ ከደንበኛ ትንፋሽ ለመጠበቅ የገዛው። አውልቆ እኔ ራስ ላይ አጠለቀው። «የምትቀርበው አንተ ነህ፤ እኔ ከኋላ ነኝ» አለኝ።

ማታ ከሳጥኖቹ ጀርባ ዱቄት ነስንሼ ነበር። ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳየው ደብተር ይመስላል። የአይጥ ኮቴ እንደ ደቃቅ ስፌት ተደርድሯል። በላዩ ላይ በጣት የተሳበ የሚመስል ለስላሳ መስመር እየተጠማዘዘ አልፏል። መስመሩ በኋላው ግድግዳ ሥር ባለው ቀዳዳ ወጣ፤ እርጥቡ ጭቃ ላይ ቀጠለ፤ ወደ ጁክስኪ ወንዝ የሚወርደው የውኃ መውረጃ ዳር ከተከመረ አሮጌ ቆርቆሮ ሥር ገባ። ቆርቆሮውን በመዳፌ ነካሁት፤ ፀሐይ መትቶት ሞቋል። እባብ ደሙን የሚያሞቀው በውጭ ሙቀት ስለሆነ እዚህ እንዳለ ገባኝ። ይህንንም ለላምቤቦ ቆሜ አስረዳሁት።

ቆርቆሮውን በብረቱ ፈልቅቄ አነሣሁ።

እባቡ ብድግ ሲል እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ጥቁር ነው፤ ጉሮሮው ላይ ነጭ መቀነት አለው። አንገቱን እንደ መዳፍ ዘረጋና ፊው አለ። የመከለያዬ ፕላስቲክ ላይ አንድ ነገር ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ፤ ቢጫ ፈሳሽ ዓይኔ ፊት ቁልቁል ወረደ። ዓይኔን ጨፍኜ ብረቱን ሰነዘርኩ። ስገልጥ እባቡ በጀርባው ተገልብጧል፤ አፉ ተከፍቷል፤ ምላሱ ወጥቷል። በብረቱ ገፋሁት። እንደ ገመድ ተንከባለለ።

ላምቤቦ ከሩቅ ሞተ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«ሞቷል። ና፣ ለእናትህ አሳያት» አልኩ።

በአገራችን አውሬ የጣለ ሰው ይዘፈንለታል። ላምቤቦ የቸርች መዘምር ስለሆነ ፉከራ አያውቅም፤ ግን ስልኩን ከፍቶ ሆሳዕና ላለችው እናቱ በቪዲዮ ደወለና በመዝሙር ዜማ «ገዳይ፣ ገዳይ» ማለት ጀመረ። እናቱ ከዚያ ማዶ እልል አለች። ጎጎ እንኳ ደጃፏ ላይ ወጥታ አጨበጨበች። እኔ፣ የሳይንስ አስተማሪው፣ እባቡን በብረቱ አንጠልጥዬ አነሣሁ፤ ተንጎራደድኩ፤ አያቴ ያላስተማረኝን ሁሉ ፎከርኩ። ከዚያ መሬት ላይ ጣልኩትና ልረግጠው ግራ እግሬን አነሣሁ። ላምቤቦ በደንብ እንዲታይ ስልኩን ይዞ ቁጢጥ አለ።

ሞቶ አልነበረም። በኋላ ሳነብ ይህ እባብ ሲጨንቀው የሞተ መስሎ እንደሚተኛ አወቅሁ። አንገቱ ከመሬት ሲነሣ አየሁ፤ ለመጮህ አልደረስኩም። ሁለት ቀጫጭን ክር የመሰለ መርዝ ከአፉ ተረጨ። ላምቤቦ ስልኩን ጥሎ በሁለት መዳፉ ፊቱን ያዘ።

«ቲቸር፣ ሞቷል አላልክም?» አለኝ።

ይህን ያለኝ በጩኸት አይደለም። እንደሚጠይቅ ተማሪ ነው።

ደንበኛ እጁን እንዲታጠብበት ሱቁ በር ላይ ያስቀመጥነው ባለ ቧንቧ ባልዲ ነበር። ላምቤቦን እየጎተትኩ ወስጄ ዓይኑን ቧንቧው ሥር አደረግኩ። ጎጎ ጀሪካን ተሸክማ እየሮጠች መጣች። ውኃው እስኪያልቅ አፈሰስንበት። እባቡ በመውረጃው በኩል ወደ ወንዙ ሄደ፤ ማንም አላየውም። ስልኩ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ሰማይ ያሳያል፤ እናቱ «ላምቤ፣ ላምቤ» ትላለች። አነሣሁት። ፊቴ ላይ መከለያው እንዳለ ነው። ተመለከተችኝ። ዘጋሁባት። ማታ መልሼ ደወልኩና ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገባበት አልኳት።

ክሊኒክ ሁለቱንም ዓይኑን ሸፈኑለት፤ ብርሃኑ ይመለስ አይመለስ የምናውቀው ሲፈታ ነው አሉን። እነዚያን ቀናት ሱቁን እኔ ከፈትኩ። እባቡ ስለሄደ ደንበኞች ተመለሱ። ላምቤቦ ጥግ ላይ ተቀምጦ በድምፃቸው እየለየ ሰላም ይላቸዋል። አንዴም አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ደስ ባለኝ። ምግብ ሳቀርብለት እጄን ሳይሆን ሣህኑን ይፈልጋል፤ እኔ ግን ፊቴን አዞራለሁ፣ የሚያየኝ ይመስል።

ሽፋኑ የተፈታ ቀን ነርሷ መስኮቱን ከለለችለት። ዓይኑን ገለጠ፤ እንባው ወረደ፤ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ገዳይ፣ ጺም አወጣህ እንዴ?» አለኝ።

ሳቀ፤ ነርሷም ሳቀች፤ እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ለእናቱ እውነቱን የነገራት እሱ ነው። ብርቱ ፀሐይ እስከ ዛሬ ያስለቅሰዋል።

ብርዱ ሲገባ አይጦቹ በዙ። የበቆሎ ዱቄቱን ጆንያ ከሥሩ ቀደዱት፤ ሳሙና ሳይቀር በሉ። ያን ጊዜ ነው ዱቄቱን የጠረግነው፣ ቀዳዳውን የደፈንነው፣ አምፖሉን ያጠፋነው፤ በመጀመሪያው ቀን ራሴ የተናገርኩትን ማለት ነው። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ይማራል። እኔ ግን እያወቅኩ፣ ሥዬ፣ አስረድቼ ስጨርስ ስለ አንዲት ቀልድ ብረት ያነሣሁ ሰው ነኝ። ያ እባብ አይጣችንን እየበላ የሱቃችንን ዱቄት ይጠብቅልን ነበር፤ ሲፈራም የሞተ መስሎ ተኝቶ እንድተወው ለመነኝ። ልመናውን ጭብጨባ ፈልጌ አልሰማሁትም።

ላምቤቦ አሁንም ሱቁ ውስጥ ነው። አዲስ ሰው ከአገር ሲመጣ ትከሻዬን ይዞ «ይህ ወንድሜ እባብ የገደለ ነው» ብሎ ያስተዋውቀኛል። ዘፈኑንም ይዘፍንለታል። እንግዳው ሲያደንቀኝ እሱ ዓይኑን በመሀረብ ይጠርጋል፤ ከዘፈኑ በኋላ ያለውን አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ያንን እንድናገረው ለእኔ ይተወዋል። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።